ባሕር የማይደርሰው ፌስታል

ስለ ፕላስቲክ ለልጆች ተብለው በሚዘጋጁ ፊልሞችና ፖስተሮች ላይ አብዛኛውን ጊዜ የምትታየው የባሕር ኤሊ ናት። አፏ ውስጥ ፌስታል ገብቷል፣ አንገቷ ላይ ገመድ ተጠምጥሟል፣ ከኋላዋ ሰማያዊ ውቅያኖስ ይታያል። ሥዕሉ እውነት ነው፤ አንጀትም ይበላል። ሆኖም ፒያሳ ተወልዶ ላደገ ልጅ ውቅያኖስ በቴሌቪዥን ብቻ የሚያውቀው አገር ነው። በዚያ ላይ እሱ የጣለው ፌስታል ኤሊዋ ዘንድ አይደርስም።

ፒያሳ መንገድ ዳር የወደቀን ፌስታል የሐምሌ ጎርፍ ጠርጎ ቁልቁል ቢወስደው፣ ቦይ ካላስቀረው ወደ ወንዝ ይገባል። ቀጨኔ፣ ግንፍሌ፣ ቀበና ሁሉም መሃል ከተማውን ሰንጥቀው ወደ ትልቁ አቃቂ ይወርዳሉ። ትልቁ አቃቂ አባ ሳሙኤል ሐይቅ ይገባል፤ ከዚያ የሚወጣው ውኃ አዋሽን ይቀላቀላል። አዋሽ ቆቃን አቋርጦ፣ መተሐራን አልፎ፣ የአፋርን በረሃ እየከፈለ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ጅቡቲ ድንበር ላይ ባለው አቤ ሐይቅ ያበቃል። ባሕር አይደርስም። የፒያሳ ፌስታል የትም ቢንከራተት ከዚህ ምድር አይወጣም፤ ወይ አቃቂ ዳር ያለ የጎመን መደብ ላይ ይቀራል፣ ወይ አባ ሳሙኤል ውስጥ ከእንቦጩ ጋር ይከማቻል፣ ወይ አዋሽ ዳር የአፋር ግመልና ፍየል ያገኘዋል።

ልጆቻችንን ስለ ፕላስቲክ የምናስተምረው ከዚህ ውኃ ተነሥተን ቢሆን እመርጣለሁ። የተውሶ ሥዕል የተውሶ ኀዘን ነው የሚሰጠው፤ ልጁ ለኤሊዋ ያዝንና የከረሜላውን ልጣጭ መስኮት ሥር ይጥላል። ለምን እንዲህ እንደሚሆን ለመረዳት የፒያሳን፣ የድሮዋን አራዳ፣ ታሪክ ትንሽ ወደ ኋላ ማየት ይገባል።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የተዘረጋው የአራዳ ገበያ የከተማዋ ልብ ሆነ። ከዚያ ገበያ የሚገዛው ሁሉ የሚያዝበት ዕቃ ነበረው። እህሉ በአቁማዳና በስልቻ፣ ቅቤው በቅልና በኮባ ቅጠል፣ ጠላና ጠጁ በእንስራና በጋን፣ ስንቁ በአገልግል ይያዛል። እነዚህ ዕቃዎች ከአፈር፣ ከቆዳ፣ ከሣርና ከቅጠል የተሠሩ ናቸው። ሲያረጁ ይበሰብሳሉ፤ ሸክላው እንኳ ቢሰበር ገሉ ምጣድ ማስቀመጫና እሳት መጫሪያ ይሆናል። የቀረውን ጉድፍ የሚበላው አለ። ቀን ውሻና ጥንብ አንሣ፣ ሌሊት ጅብ ይሠራበታል። በዚያ ዘመን አዲስ አበባን ያዩ የውጭ አገር ተጓዦች የከተማዋን መንገድ የሚያጸዳው ጅብ መሆኑን ጽፈዋል።

በዚህ ሥርዓት ውስጥ ልጅ የራሱ ድርሻ ነበረው። በእኛ ቤት ቆሻሻ የሚደፋው ልጅ ነው። አባት አይደፋም፤ እናት እሳት ዳር ናት። «ሂድ ይህን ድፋና ና» የሚባለው እንደ ዕድሜው ሰባት ስምንት ዓመት የሆነው ልጅ ነው። ከዚህ ትእዛዝ ጋር አብሮ የሚሰጠው ትምህርት ደግሞ አጭር ነው፤ ከደጃፍ አርቀህ ድፋ፣ ጎረቤት ደጅ እንዳትደፋ። ደጃፍ ይጠራል፣ ጎረቤት ይከበራል፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ሜዳ የማንም አይደለም። ሙዝ ልጣጭ፣ አመድና የሽንኩርት ገለባ ለሚደፋ ልጅ ይህ በቂ ትምህርት ነበር። አባቶቻችን ስለ አካባቢ ግድ አልነበራቸውም ብሎ መፍረድ ስህተት ነው። የሚጥሉት ነገር ራሱ ወደ መሬት ስለሚመለስ ሌላ ትምህርት አላስፈለጋቸውም።

ጣሊያን በወረራው ዘመን የአገሬውን ገበያ ከአራዳ አንሥቶ ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ስፍራ ሲያዛውር፣ አራዳ ፒያሳ የሚባል ስም ወጣለት፤ የሱቅ፣ የሲኒማና የቡና ቤት ሰፈርም ሆነ። ከነጻነት በኋላ ትምህርት ቤት ተስፋፋ። የዚያ ዘመን ተማሪ የሚያስታውሰው የጽዳት ትምህርት የጠዋት ሰልፍ ላይ ነው። መምህሩ ጥፍር ያያል፣ ፀጉር ያገላብጣል፣ የአንገትጌ እድፍ ይፈልጋል። ግብረ ገብ ክፍለ ጊዜ ላይ ታላቅን ማክበር፣ እውነት መናገር ይነገራል። ንጽሕና የገላና የልብስ ጉዳይ ነበር። በ1957 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ ሲጀምር እዚያው ፒያሳ፣ ማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ውስጥ ሆነው አባባ ተስፋዬ ሣህሉ ለልጆች ተረት ይነግሩ ጀመር፤ ለ40 ዓመታት ያህልም ቀጠሉ። ጅቡ፣ ቀበሮዋና ጦጣዋ በዚያ ሳጥን ውስጥ ገብተው የአንድ ትውልድ ሥነ ምግባር ሆኑ። ልጅ ከእንስሳ ታሪክ እንደሚማር ከእሳቸው የበለጠ ያሳየ የለም፤ ወደዚህ ነጥብ እመለሳለሁ።

በዚያው ጊዜ ፕላስቲክ እየመጣ ነበር። ሊዮ ቤክላንድ የተባለው ቤልጅግ ተወላጅ አሜሪካዊ ኬሚስት ሙሉ በሙሉ ሰው ሠራሽ የሆነውን የመጀመሪያ ፕላስቲክ የሠራው በ1907 ነው (በዚህ አንቀጽ ዘመኑ ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው)። ፌስታል የሚሠራበት ፖሊኤትሊን በ1933 እንግሊዝ አገር ተገኘ። ዛሬ የምናውቀውን፣ ሁለት ጆሮ ያለውን ፌስታል ደግሞ ስቴን ጉስታፍ ቱሊን የተባለ ስዊድናዊ መሐንዲስ ነደፈው፤ ኩባንያው በ1965 የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ። በ1950 የዓለም የፕላስቲክ ምርት 2 ሚሊዮን ቶን ገደማ ነበር። ዛሬ በየዓመቱ ከ400 ሚሊዮን ቶን በላይ ይመረታል፤ እስከ ዛሬ ከተጣለው ውስጥ እንደገና ጥቅም ላይ የዋለው ከመቶ 9 እጅ ያህሉ ብቻ ነው።

ፕላስቲክን ማመስገን በሚገባበት ቦታ ማመስገን ይገባል፤ ለልጅም ቢሆን ይህን ሳይነግሩ ጉዳቱን ብቻ መንገር አይገባም። ውኃ ሞልቶ ሲሸከሙት ወገብ የሚሰብረውን እንስራ ከሴት ልጅ ጀርባ ያወረደው ጀሪካን ነው። በባዶ እግሩ ይሄድ ለነበረ ስንት የገጠር ልጅ የመጀመሪያ ጫማው ኮንጎ የምንለው የፕላስቲክ ጫማ ነው። ሳፋው፣ ጆጉ፣ የምሳ ዕቃው የድሃ ቤት ገበና ሸፋኝ ናቸው። እነዚህ ዓመታት ያገለግላሉ። ችግሩ የመጣው ከሱቅ እስከ ቤት ላለች የአሥር ደቂቃ መንገድ የተሠራው ስስ ፌስታል ዘንቢልን ሲተካ ነው። ስኳርና ቡና በወረቀት ተጠቅልሎ ይሸጥ ነበር፤ እናቶች ዘንቢል ሳይዙ ገበያ አይወጡም ነበር። ፌስታል በነጻ ሲመጣ ሁለቱም ቀሩ። የልጁ ሥራ ግን አልተለወጠም። ያው «ድፋና ና» ነው፤ የሚደፋው ነገር ብቻ የማይበሰብስ ሆነ።

ዶሮ ማነቂያ፣ ሠራተኛ ሰፈር፣ እሪ በከንቱ፤ እነዚህ የፒያሳ ሰፈሮች የቀበሌ ቤቶች እርስ በርስ የተደገፉባቸው፣ ቧንቧውም ሽንት ቤቱም የጋራ የሆነባቸው ነበሩ። በእንዲህ ያለ ግቢ የአንዱ ቆሻሻ የሌላው ደጅ ነው። መንገድ ላይ ልጣጭ የጣለን ልጅ የማታውቀው እናት «አንተ የማን ልጅ ነህ? አንሣ!» ብትለው፣ ልጁ ያነሣል እንጂ ምን አገባሽ አይልም። ማታ ወሬው ቤት ከደረሰ ደግሞ ሌላ ቁጣ ይጠብቀዋል። ይህ የትምህርት ሚኒስቴር ያልጻፈው ትምህርት ነው፤ ለብዙ ጊዜ ሠርቷል።

በዚያ ሰፈር ልጅ ዘንድ የወዳደቀ ነገር ሁሉ ቆሻሻ አልነበረም። ጠዋት ቆራሌው እየጮኸ ሲያልፍ የተሰበረ ሳፋ፣ ባዶ ጠርሙስ፣ አሮጌ ብረት ይዞ የሚሮጠው ልጅ ነው። ልዋጭ ይዘው የሚዞሩት አሮጌ ልብስ ወስደው አዲስ ሳፋ ይሰጣሉ። ቆራሌው የሰበሰበውን መርካቶ ምናለሽ ተራ ያደርሳል፤ እዚያ ቀጥቅጠው፣ ቆርጠው፣ በይደው ሌላ ዕቃ ያደርጉታል። ኳሱም ከዚሁ ነው። አንድ ያረጀ ካልሲ ይፈለጋል፤ ውስጡ ጨርቅና የተጨማደደ ፌስታል ይጠቀጠቃል። ፌስታሉ ኳሷን ቀለል ያደርጋታል፣ ትንሽም እንድትነጥር ያደርጋታል። ከዚያ የካልሲው አፍ ይጠመዘዛል፣ እንደገና ይገለበጥባታል፣ በመርፌና በክር ይሰፋል። ስንት ፌስታል ስንት ጨርቅ እንደሚያስፈልጋት የሚያውቁ፣ በዚህ ሥራ የታወቁ ልጆች በየሰፈሩ ነበሩ። እንደገና መጠቀምን ከውጭ የመጣ ዕውቀት አድርገን ስናስተምር ልጆቹ ቀድመው የያዙትን እናስረሳቸዋለን።

በ1999 ዓ.ም. ሁለት ነገሮች ሆኑ። አንደኛው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999 ነው። አዋጁ ውፍረቱ 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች የሆነ ፌስታል እንዳይመረትና እንዳይገባ ከለከለ። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ የተመረጠው መንገድ ግን በዓይን የማይታይ ነው። የሱቁ ባለቤት፣ ገዢው፣ ልጁ፣ ማናቸውም ፌስታል ይዘው 0.03 ይሁን 0.04 ማወቅ አይችሉም። ሰው በእጁ ሊለየው የማይችለውን ነገር የሚከለክል ሕግ ማንንም አያስተምርም፤ ከ1999 በኋላ የፌስታሉ ብዛት ጨመረ እንጂ አልቀነሰም።

ሁለተኛው የቴሌቪዥን ፕሮግራም ነው። ብሩክታዊት ጥጋቡ የተባለች ወጣት መምህርት ከባለቤቷ ጋር ሆና «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተሰኘውን የልጆች ዝግጅት በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ጀመረች። ፀሐይ ስድስት ዓመቷ የሆነ፣ ጠያቂ ቀጭኔ ናት። ልጆች እጅ መታጠብን፣ ጤናንና አካባቢን ከእሷ ተማሩ፤ ዝግጅቱ እ.ኤ.አ. በ2008 የጃፓን ሽልማትን አገኘ። በአማርኛ የምትናገር፣ የእኛን ምግብ የምትበላ፣ ስትሳሳት የምትታረም ቀጭኔ፣ ልጅ ጆሮ ላይ ከአዋጅ ይልቅ ትደርሳለች። እነ ፀሐይን በየትምህርት ቤቱ የሚያስቀጥል በቂ አቅም አለመመደባችን ይቆጨኛል።

የምሥራቅ አፍሪካ አገሮች በተመሳሳይ ዘመን ጠንከር ብለው ሄደዋል። ኤርትራ በ2005፣ ሩዋንዳ በ2008፣ ኬንያ በነሐሴ 2017 ፌስታልን ከለከሉ፤ በዚህ አንቀጽ ዘመኑ ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው። ከሁሉ በፊት በ2002 ስስ ፌስታልን የከለከለችው ባንግላዴሽ ናት፤ በ1988 እና በ1998 ታላላቅ ጎርፎች ጊዜ የዳካ የውኃ መውረጃዎች በፌስታል ተደፍነው ነበርና። ሐምሌ ላይ ቱቦ ሞልቶ አስፋልቱ ወንዝ ሲሆን ላየ የፒያሳ ልጅ የዳካ ታሪክ ከኤሊዋ ይልቅ ይገባዋል።

የከተማችን ቆሻሻ መድረሻው ቆሼ ነው። ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የአዲስ አበባ ቆሻሻ ረጲ ላይ ሲከመር ኖረ። በየደጃፉ የሚሰበስቡት ማኅበራት በጋሪ እየገፉ ገንዳ ያደርሱታል፣ መኪና ከገንዳው ይወስደዋል፣ ክፍያው ከውኃ ቢል ጋር ይመጣል፤ ልጁ የሚያየው ግን ገንዳውን ብቻ ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። በ2010 መጨረሻ እዚያው አጠገብ ቆሻሻ አቃጥሎ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ጣቢያ ተመረቀ። ቆሼን ለልጅ መንገር ከባድ ነው። ቢሆንም ለአሥር ዓመት ልጅ ተገቢውን ጥንቃቄ አድርጎ ሊነገረው ይገባል ባይ ነኝ። «ድፋ» ተብሎ የደፋው ነገር መጨረሻው ሌላ ልጅ የሚኖርበት ቦታ እንደነበር ሳያውቅ ማደግ የለበትም።

በ2016 ዓ.ም. ዶሮ ማነቂያ ፈረሰ። የኮሪደር ልማቱ የፒያሳን አሮጌ ሰፈሮች ሲያነሣ ነዋሪው ገላን ጉራን ወደመሳሰሉ የከተማዋ ዳርቻዎች ተዛወረ። አሁን መንገዱ ሰፊ ነው፣ የእግረኛው ንጣፍ ንጹሕ ነው፤ የቆሻሻ ማጠራቀሚያም በየቦታው ቆሟል። «አንተ የማን ልጅ ነህ?» የምትለዋ እናት ግን አብራ ተበትናለች። በአዲሱ ኮንዶሚኒየም ከላይኛው ፎቅ የሚወረወር ፌስታል የማን እንደሆነ አይታወቅም፣ ልጁም የማን እንደሆነ አይታወቅም። ሰፈሩ በቁጣም በፍቅርም ያስተምር የነበረው ሥራ እንግዲህ ወደ መምህሩ ዞሯል። እሱ ደግሞ ብዙ ልጅ ከታጨቀበት ክፍል ፊት ቆሟል።

በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አዲስ የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ አጽድቆ ፌስታልን በውፍረት ሳይለይ ከለከለ። ይዞ የተገኘ ግለሰብ ከ2,000 እስከ 5,000 ብር ይቀጣል። የ1999ኙን ድክመት ስላረመ ደግፌዋለሁ። ነገር ግን አትክልት ተራ ፒያሳ በነበረበት ዘመን፣ በ2012 በኮሮና ምክንያት ወደ ጃንሜዳ ከመዛወሩ በፊት፣ እዚያ የገበየ ሁሉ የሚያስታውሰው ልጅ አለ። ክንዱ ላይ የፌስታል ጥቅል አንጠልጥሎ «ፌስታል! ፌስታል!» እያለ በቲማቲምና በሽንኩርት ክምር መካከል ይሽሎከለካል። አንዳንዱ ጠዋት ተምሮ ከሰዓት ይሸጣል፤ የደብተር መግዣው ከዚያ ነው። እንዲህ ያለ ልጅ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ፌስታል ክፉ ነው ሲባል ምን ይሰማው ይሆን? የእናቱን ጉሊት አብሮ እንደተወገዘ ቢቆጥረው አልፈርድበትም። ከፌስታሉ ይልቅ ዘንቢልና የጨርቅ ከረጢት እንዲሸጥ መንገድ ያላበጀ ቅጣት ትምህርቱን ያጠፋዋል። መምህሩም እንዲህ ያለውን ልጅ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው ሰው ማድረግ አለበት፤ ስንት እንደሚሸጥ፣ ማን እንደሚገዛው፣ ያለ ፌስታል ምን ሊሸከሙበት እንደሚችሉ ከእሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም።

መማሪያው ቦታ አለ። በ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ መሠረት አካባቢ ሳይንስ የዝቅተኛ ክፍሎች ትምህርት ሆኗል፤ ግብረ ገብም በቅርብ ዓመታት ተመልሷል። የጎደለው ርዕስ አይመስለኝም። ርዕሱን ልጁ ከሚያየው ነገር ጋር ማገናኘት ነው የጎደለው። ከሰል ማቀጣጠልን እንውሰድ። ብዙ ቤት ከሰሉ ቶሎ እንዲይዝ ፌስታል ይለኮሳል። ፌስታሉ ይኮማተራል፣ ይቀልጣል፣ ነበልባል የያዘ ጥቁር ጠብታ ከሰሉ ላይ ይንጠባጠባል፤ ጉሮሮ የሚይዝ ጭስ ይወጣል። ምድጃው አጠገብ ተንበርክኮ በካርቶን ቁራጭ የሚያራግበው ልጅ ነው፤ ጭሱን የሚስበውም እሱ ነው። ለዚህ ልጅ ጭሱ መርዝ እንደሆነ ነግሮ በፌስታሉ ፈንታ የእንጨት ስንጣሪ እንዲጠቀም ማሳየት ዛሬ ማታ ቤቱ የሚደርስ ትምህርት ነው። እናቱንም የሚያስተምራት እሱ ይሆናል።

ሃይላንድ በምንለው የውኃ ጠርሙስ ውስጥ የተቀመጠ ነጭ ጋዝ ሌላው ምሳሌ ነው። የውኃ መያዣውን ያየ ሕፃን ውኃ መስሎት ይጠጣል። ፕላስቲኩን እንደገና መጠቀም መልካም ልማድ ሆኖ ሳለ፣ ምን እንደሚቀመጥበት ማወቅ የሕይወት ጉዳይ እንደሆነ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ምሳሌ የለም።

እንስሳ ታሪክ ለሚወድ ልጅ ደግሞ የባሕር ኤሊዋን ቦታ የምትወስድ በግ አለችን። በአገራችን ቄራዎች የተደረጉ የእንስሳት ሕክምና ጥናቶች በከብት፣ በበግና በፍየል ጨጓራ ውስጥ ከሚገኙት ባዕድ ነገሮች ፕላስቲክ ቀዳሚው እንደሆነ ደጋግመው አሳይተዋል። የጎመን ቅጠል ወይም የእንጀራ ፍርፋሪ የቀረበት ፌስታል ለበግ ምግብ ይሸታታል፤ ትውጠዋለች፤ አይፈጭም፣ አይወጣም። ጨጓራዋ ሞልቶ የጠገበች እየመሰላት ትከሳለች። ለፋሲካ ግቢ የታሰረችውን በግ ቀን ሙሉ ሣር የሚያበላት ልጅ ይህን ሲሰማ ዝም አይልም፤ ብዙ ይጠይቃል። አባባ ተስፋዬ ቢኖሩ ይህን ታሪክ ለልጆች እንዴት እንደሚነግሩት ብዙ ጊዜ አስባለሁ።

የመጨረሻው ደግሞ ክረምት ላይ ነው። ከ2011 ጀምሮ ተማሪዎች ለአረንጓዴ አሻራ ይወጣሉ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን በአንድ ጀንበር ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ተነግሯል። አብዛኛው ችግኝ የሚያድገው በጥቁር የፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ነው። ሲተከል ከረጢቱ ይቀደዳል፣ አፈሩ እንዳለ ጉድጓድ ይገባል፣ ፕላስቲኩ ብዙ ጊዜ እዚያው ኮረብታ ላይ ይቀራል። ነፋስ ይበትነዋል፣ ጎርፍ ወደዚያው ወንዝ ያወርደዋል። ከየክፍሉ አንድ መምህር ከችግኙ ጋር ባዶ ማዳበሪያ ይዞ ቢወጣ፣ ልጆቹ የተከሉትን ችግኝ ሲቆጥሩ የመለሱትንም ከረጢት አብረው ቢቆጥሩ፣ ሁለቱ ቁጥሮች እኩል እስኪሆኑ ድረስ ማንም ከኮረብታው እንዳይወርድ ቢስማሙ፣ ለዚህ አዲስ በጀትም አዲስ መመሪያም አያስፈልግም። የሚቀጥለው ሐምሌ ይበቃል።